አልጫ

ኪሪባቲ አፈር የለም፤ ዛጎል ነው የደቀቀ፣
አንዱ ባሕር ከሌላው በእፍኝ ጠጠር የራቀ፤
በዚህኛው ዳር ሲያስነጥሱ፣ «ይማርህ» ይላል ያኛው ዳር፤
ታዲያ አባቴ ቴካብዌ ከየት አመጣው ያን አፈር?

ያበስለዋል። ቅጠል ለቅሞ፣ ከታትፎ፣ አበስብሶ፣
ጣፋጩ ውሃ እስኪወጣ ጠጠሩን ቆፍሮ ጥሶ፣
ወገቡ ድረስ ጭቃ ገብቶ፣ ከጉድጓዱ ወለል ቆሞ፣
ቅርጫት ይሠፋል ለባባይ፣ እንደ አራስ ልጅ ተሸክሞ።
(ባባይ የጎደሬ ታላቅ ነው፤ ቅጠሉ ሰው ያስጠልላል፣
ሥሩ አሥር ዓመት ከቆየ፣ ሁለት ጎልማሳ ያዝላል።)

የቅጠሉን ዓይነትና ልክ፣ የሚጨመርበትን ጨረቃ፣
ለእናቴ እንኳ አልነገራት፣ ሠላሳ ዓመት ጎኗ ሲነቃ።
«ምሥጢር የሆድ ነው» ይላል፣ «ሆድ ደግሞ የባባይ ነው።»
ልጅ ሳለሁ ተከተልኩት አንድ ሌሊት፤ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤
ከዳቦ ዛፉ ኋላ ሆኜ፣ ትንፋሼን ውጬ ሳየው፣
ጀርባውን ወደ እኔ አዙሮ፣ እጁን በእጁ እየጋረደው፣
ያየሁት ክርኑን ብቻ ነው።

የእናቴ ወንድም ናቡቲም፣ ከእኛ ጉድጓድ ሦስት እርምጃ፣
የራሱ ጉድጓድ፣ የራሱ ሙያ፣ የራሱ መጋረጃ።
በማኔአባው፣ በአዳራሹ፣ ድግስ በመጣ ቁጥር፣
የሁለቱ ሥር ጎን ለጎን ተጋድሞ ሲመረመር፣
ሽማግሎቹ በገመድ ለክተው፣ «የናቡቲ፣ በስንዝር!»
ያሉ ዕለት፣ አባቴ ወጣ፤ ዓሣውን ሳይነካ፣ ሳይናገር።
አራት ዓመት ሰላምታ ቀረ፣ በአንድ ስንዝር ጎደሬ!
«ጣዕሙ አንድ ነው» ብላ እናቴ፣ ጣቷን አኖረች በከንፈሬ።

ከዚያ ጨረቃ ሞላች፤ ነፋስ የለም፣ ደመና የለም፤
ባሕሩ ብድግ አለና፣ ከደጅ ሆኖ «ቤቶች» አላለም፤
በዶሮው ቤት፣ በኩሽናው ሥር፣ እግሩን ሳያብስ አለፈ፤
ጠዋት ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ጉድጓዳችን ውስጥ ዓሣ ተረፈ።
አባቴ ወረደ። ጣቱን ነከረ። ቀመሰ።
ደግሞ ነከረ።
ወጥ እንደሚቀምስ ባለሙያ፣ ምላሱን ለአፍታ አዘገየ፣
«ጨው በዝቷል» አለ፤ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሞ ቆየ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ፣ በአምስተኛው ሥሩ ላሸቀ፤
ደሴቱ አፍንጫውን ይዞ ሰነበተ፤ ሽታው እስኪያልቅ ጠበቀ።
መርከብ መጣ፤ ሩዝ በጆንያ፣ ዱቄት፣ የቆርቆሮ ሥጋ፤
በላን። ለምን እዋሻለሁ? ይጥማል፤ ግን በዋጋ።

በስብሰባው ቀን፣ ተራው ደርሶ፣ አባቴ ከምንጣፉ ተነሣ፤
ናቡቲን አየው፤ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የረሳው ያለ ይመስል፣ ያልረሳ፤
«የኡሪ ቅጠል ሁለት እጅ፣» አለ፣ «ጥላ ላይ የደረቀ፣
የማኦ አንድ እጅ፣ የዳቦ ዛፍ፣ ወድቆ ሦስት ቀን የዘለቀ፣
ከአሮጌ ጉድጓድ እፍኝ ጭቃ፣ ጨረቃ ስትጎድል፣ በቀኝ እጅ...»
አዳራሹ ፀጥ አለ፤ ሽማግሌው ራቁቱን የቆመ ያህል፣ በሰው ደጅ።

ናቡቲ ሳቀ።
መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ ከዚያ ምሰሶውን ይዞ፣
«በግራ!» አለ፣ «በግራ እጅ!» ዕንባው በጉንጩ ተጉዞ፣
«ሌላው ሁሉ... ሌላው ሁሉ የኔው ነው፤ የአባቴው ነው።»
እናቴ ምንጣፍ ትጠርዝ ነበር። ቀና አላለችም።

አሁን ግማሽ በርሜል አለኝ፣ የነዳጅ የነበረ፣ የታጠበ፣
የዝናብ ውሃ፣ የተረፈ ጭቃ፣ ቅጠል በቅጠል የተነባበረ፤
አንድ ባባይ። ጉልበቴን ገና አልደረሰም።
ሁለቱ ማታ ማታ ይመጣሉ፤ «ተቀመጡ» ብል አይቀመጡም፤
አንዱ በቀኙ፣ አንዱ በግራው፣ ቅጠል ጣል ያደርጋሉ፤
የማን እጅ እንዳሳደገው ሊያዩ፣ አሥር ዓመት ይጠብቃሉ።
አባቴ ሰማንያ አልፎታል።

ጠዋት ጠዋት ጣቴን ነክሬ እቀምሳለሁ።
በራቸው ላይ ቆመው «እህሳ?» ይሉኛል።
«አልጫ!» እላቸዋለሁ፣
ደስ ብሏቸው ይገባሉ።